ንጉሡና የመድረኩ ንጉሥ

ትምህርት፦ አመዛዛኝ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ፣
ሀ. በአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ውስጥ በታሪክ የተረጋገጠውን በደራሲ ምናብ ከተፈጠረው ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
ለ. የአክብሮትና የተራ አነጋገር የግሥ ቅርጾች በአንባቢ ላይ የሚያሳድሩትን ስሜት ትገልጻላችሁ፤
ሐ. በአንድ አከራካሪ ጉዳይ ላይ የግራ ቀኙን ሐሳብ የሚመዝን ድርሰት ትጽፋላችሁ።

መግቢያ

ተራኪ ድርሰት አንድን ድርጊት ከመነሻው እስከ መድረሻው ይተርካል፤ ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት ያስረዳል። አመዛዛኝ ድርሰት ግን ሰዎች የማይስማሙበትን ጉዳይ ያነሣል፤ የአንዱን ወገን ምክንያት ያቀርባል፤ የሌላውንም ይሰማል፤ በመጨረሻም ማስረጃው ወደሚያደላበት ይፈርዳል። ስለዚህ አመዛዛኝ ድርሰት የሚጽፍ ሰው እንደ ሸንጎ ዳኛ ነው። የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ እንደማይታመን ሁሉ፣ አንዱን ወገን ብቻ የሚያሰማ ጸሐፊም አይታመንም። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ አንድ የታወቀ ሙዚቃዊ ተውኔት ይናገራል። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አትዘንጉ።

1. በዐይናችሁ ስላላያችሁት ሕዝብ ከተውኔት ወይም ከፊልም ብቻ ተነሥታችሁ አስተያየት ሰጥታችሁ ታውቃላችሁን?
2. እናንተን ሳይጠይቅ የቤተሰባችሁን ታሪክ በአደባባይ የሚናገር ሰው ብታገኙ ምን ይሰማችኋል?

ምንባብ

ማርች 29 ቀን 1951 ኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው በሴንት ጄምስ ቴአትር ቤት «ንጉሡና እኔ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ። ዜማውን የደረሰው ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ቃለ ተውኔቱንና የዘፈኖቹን ግጥም የጻፈው ኦስካር ሐመርስታይን ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በ19ኛው መቶ ዓመት በሲያም ቤተ መንግሥት ነው። ሲያም በ1939 ስሟን ለውጣ ታይላንድ የተባለችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገር ናት። በተውኔቱ ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ከልጇ ጋር ወደ ሲያም መጥታ የንጉሡን ልጆች ታስተምራለች። ንጉሡ ቁጡ ነው፤ የሚናገረውም እንግሊዝኛ ሰዋስዉ የተሰባበረ ነው። መምህርቷ ትጣላዋለች፤ ትታረቀዋለች፤ ትመክረዋለች። በመጨረሻም ንጉሡ ሲሞት በአልጋው አጠገብ ትገኛለች። ተውኔቱ በዚያ ጊዜ 1,246 ጊዜ ታየ፤ ከዚያም በኋላ በብዙ አገሮች መድረክ ላይ እየተመላለሰ ቀረበ።

በታሪክ የሚታወቁት ንጉሥ ግን ማን ነበሩ? ንጉሥ ሞንግኩት በ1804 ተወለዱ። በ1824 ወደ ቡድሃ ገዳም ገብተው 27 ዓመት በምንኩስና ኖሩ። በእነዚህ ዓመታት የሃይማኖታቸውን ጥንታዊ መጻሕፍት መረመሩ፤ ከፈረንሳዊ የካቶሊክ ጳጳስ ላቲን፣ ከአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን እንግሊዝኛ ተማሩ፤ የሥነ ፈለክንም ትምህርት አጠኑ። በ1851 ከገዳም ወጥተው ነገሡ። በ1855 ከብሪታንያ ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ። በዙሪያቸው ያሉት አገሮች በብሪታንያና በፈረንሳይ እጅ ሲወድቁ ሲያም በቅኝ ሳትገዛ ቀረች። ኦገስት 18 ቀን 1868 የሚሆነውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ንጉሡ ራሳቸው አስልተው አስቀድመው ተናገሩ። ዋ ኮ ወደሚባል ሥፍራም የውጭ አገር እንግዶችን ጋብዘው ግርዶሹን አብረው ተመለከቱ። ነገር ግን ከዚያ ጉዞ የወባ በሽታ ይዘው ተመለሱና ኦክቶበር 1 ቀን 1868 ዐረፉ። ይህ ዓመት በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱበት ዓመት ነው። በሌላ በኩል በንጉሥ ሞንግኩት ዘመን በሲያም ባርነት እንደ ነበረ፣ በቤተ መንግሥታቸውም እጅግ ብዙ ሚስቶች እንደ ነበሩ መሸሸግ አይገባም። እውነተኛ ሚዛን የሚወደደውንም የማይወደደውንም ይይዛል።

የእኒህ ንጉሥ ታሪክ ወደ ኒው ዮርክ መድረክ የደረሰው በረጅም መንገድ ነው። ንጉሡ ልጆቻቸውና የቤተ መንግሥቱ ሴቶች እንግሊዝኛ እንዲማሩ ፈለጉ፤ መምህርቲቱ ግን ሃይማኖት እንዳትሰብክ አስቀድመው አሳሰቡ። በዚህ መሠረት ወይዘሮ አና ሊዮኖዌንስ በ1862 ባንኮክ ገብተው እስከ 1867 አስተማሩ። ከዚያም ወጥተው ስለ ሲያም ቤተ መንግሥት ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ፤ የመጀመሪያው የታተመው በ1870 ነበር። ወይዘሮ አና ስለ ራሳቸው ሲናገሩ በዌልስ እንደ ተወለዱና ባላቸው የጦር መኮንን እንደ ነበረ ይገልጡ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርምር ግን የተወለዱት በህንድ አገር መሆኑንና ባላቸውም የጽሕፈት ሠራተኛ እንደ ነበረ አረጋገጠ። በዚያ ዘመን በቅኝ አገር ለተወለደች ድኻ መበለት በእንግሊዞች ዘንድ የሚሰጠው ግምት ዝቅተኛ ስለ ነበረ፣ ታሪካቸውን የለወጡበትን ምክንያት መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ የራሱን ታሪክ የለወጠ ጸሐፊ ስለ ሌላው የሚጽፈው ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል።

በ1944 ማርጋሬት ላንደን የተባለች አሜሪካዊት ከእነዚህ መጻሕፍት ተነሥታ ልብ ወለድ ጻፈች። በ1946 ልብ ወለዱ ፊልም ሆነ፤ የንጉሡንም ሚና እንግሊዛዊው ሬክስ ሐሪሰን ተጫወተ። ሙዚቃዊው ተውኔት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከንጉሡ ሕይወት እስከ መድረኩ ድረስ ታሪኩ በአራት እጅ አልፏል። ከአራቱ መካከል የሲያም ሰው እጅ አልነበረበትም።

ታሪክ በብዙ እጅ ሲያልፍ ይለወጣል። በተውኔቱ መምህርቷ ንጉሡ ሲሞት አጠገቡ ናት፤ በታሪክ ግን ወይዘሮ አና ንጉሡ ከማረፋቸው ከአንድ ዓመት በፊት አገሩን ለቀው ወጥተዋል። በተውኔቱ ንጉሡ ለአሜሪካው ፕሬዚደንት ለሊንከን ዝሆኖች ለመላክ ደብዳቤ ያስጽፋል፤ በታሪክ ግን ደብዳቤው ወይዘሮ አና ባንኮክ ከመግባታቸው በፊት፣ በ1861 ለፕሬዚደንት ቡካናን የተጻፈ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ሊንከን ሥልጣን ይዘው ስለ ነበር በ1862 አመስግነው፣ አገራቸው የምትጠቀመው በእንፋሎት ኃይል መሆኑን ገልጠው መለሱ። ወይዘሮ አና በቤተ መንግሥቱ ከመሬት በታች የተሠራ እስር ቤት እንደ ነበረም ጽፈዋል። የታሪክ አጥኚዎች ግን የባንኮክ መሬት ረግረጋማ በመሆኑ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ እንደሚያፈልቅ አመልክተው፣ እንዲህ ያለ እስር ቤት ሊሠራ አይችልም ብለው ተከራክረዋል። በተውኔቱ መጨረሻ ወጣቱ ልዑል ከመምህርቷ በተማረው መሠረት ሰዎች በፊቱ መሬት ላይ መደፋታቸውን ይከለክላል። ልዑል ቹላሎንግኮርን ከነገሡ በኋላ ይህን ልማድ በ1873 ማስቀረታቸው እውነት ነው። ባርነትንም ከ1874 ጀምሮ በየደረጃው እየቀነሱ በ1905 አስወግደዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የንጉሡና የሲያም ሰዎች የብዙ ዓመታት ድካም ፍሬ እንጂ የአንዲት መምህርት ምክር ብቻ ውጤት አይደለም።

በታይላንድ ንጉሥን መድፈር በሕግ ያስቀጣል። በ1956 ከተውኔቱ የተሠራው ፊልም በዚያች አገር እንዳይታይ ተከለከለ። በ1999 በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሌላ ፊልም ሲዘጋጅም በታይላንድ ለመቅረጽ ስላልተፈቀደ በማሌዥያ ተቀረጸ፤ ለታይላንድ ሕዝብ እንዳይታይም ታገደ።

ሁለተኛው ክርክር የተነሣው በተዋንያኑ ላይ ነው። በ1951 የንጉሡን ሚና የያዘው በሩሲያ አገር በቭላዲቮስቶክ የተወለደው ዩል ብሪነር ነበር። ብሪነር በፊልሙ የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ ሚናውንም እስከ 1985 ድረስ 4,625 ጊዜ በመድረክ ላይ ተጫወተ። በፊልሙ የወጣቷን የቱፕቲምን ሚና የያዘችው ከፖርቶ ሪኮ የመጣችው ሪታ ሞሬኖ ነበረች። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የእስያ ሰዎች ታሪክ ሲቀርብ ዋና ዋናዎቹን ሚናዎች ለነጮች ሰጥቶ ፊታቸውን በቀለም መለወጥ የተለመደ ነበር። የእስያ ተወላጆች የሚታዩት ብዙውን ጊዜ በአጃቢነት ነበር። በአዳራሹ የተቀመጠ የእስያ ተወላጅ ልጅ ከዚህ የሚማረው ምንድን ነው? «የአባቶችህ ታሪክ ለመድረክ ይበቃል፤ አንተ ግን አትበቃም» የሚል ነው።

ተውኔቱን የሚደግፉ ሰዎችም ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ተውኔት የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ ደራሲ ለምናቡ ነጻነት ያሻዋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሮጀርስና ሐመርስታይን የዘር ጥላቻን የሚቃወሙ ሰዎች እንደ ነበሩ በ1949 ባቀረቡት «ደቡብ ፓሲፊክ» በተባለው ሥራቸው አሳይተዋል። በ«ንጉሡና እኔ» ውስጥም ቱፕቲም የአሜሪካን ባርነት ከሚያወግዝ መጽሐፍ የተቀዳ ትርኢት በንጉሡ ፊት ታቀርባለች፤ ስለዚህ ተውኔቱ የሚወቅሰው ሲያምን ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሌላ ሚና ለማይሰጣቸው የእስያ ተወላጅ ተዋንያን ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት የእንጀራና የልምድ ምንጭ ሆኗል።

ከጊዜ በኋላ ልማዱ ተለወጠ። በ1996 በብሮድዌይ የንጉሡን ሚና በፊሊፒንስ የተወለደው ሉ ዳይመንድ ፊሊፕስ ያዘ። በ2015 ደግሞ ጃፓናዊው ኬን ዋታናቤ ንጉሡን ሆኖ ተጫወተ፤ የታላቋን ሚስት ሚና የያዘችው ሩቲ አን ማይልስም የቶኒ ሽልማት አገኘች። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም ጃፓናዊ የሲያም ንጉሥ ሲሆን እስያ ሁሉ አንድ አገር ነው እንደ ማለት አይቆጠርምን ብለው የሚጠይቁ አሉ። ተዋናይ የተባለው ሌላውን ሰው መስሎ መቅረብ ስለሚችል ነው፤ የአገር ልዩነት ሊያግደው አይገባም ብለው የሚመልሱም አሉ።

ጉዳዩን ስንመዝን ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባናል። አንደኛው በመድረኩ ላይ የሚቆመው ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዕሩን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው መልስ እያገኘ መጥቷል። የሁለተኛው መልስ ግን ተዋንያንን በመለወጥ ብቻ አይገኝም፤ ምክንያቱም የእስያ ተወላጅ የሆነው ተዋናይ የሚናገረው ያንኑ በሌሎች እጅ የተጻፈውን ቃል ነው። ተውኔቱን መከልከል ደግሞ ስሕተቱን ከበር ያቆመዋል እንጂ እውነቱን በቦታው አይተካም። ስለዚህ የሚሻለው ተውኔቱ እየታየ፣ ከታሪክ የራቀበት ቦታ በግልጽ እየተነገረ፣ ባለ ታሪኮቹም ታሪካቸውን በራሳቸው ብዕር የሚጽፉበት መድረክ ማግኘታቸው ነው።

የቃላት ፍች

ምናብ — በአእምሮ የሚፈጠር ሐሳብ
ቃለ ተውኔት — ተዋንያን በመድረክ ላይ የሚናገሩት ጽሑፍ
ሚና — ተዋናይ ወክሎት የሚጫወተው ሰው ድርሻ
መበለት — ባሏ የሞተባት ሴት
ግርዶሽ — የፀሐይ ወይም የጨረቃ ብርሃን መሸፈን
ሸንጎ — የዳኝነት ወይም የምክክር ጉባኤ

መልመጃ አንድ፦ የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ንጉሥ ሞንግኩት ከመንገሣቸው በፊት ምን ምን ተማሩ? ይህ ትምህርታቸው ከመድረኩ ንጉሥ ጠባይ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?
2. ታሪኩ ያለፈባቸውን አራት እጆች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
3. ስለ እስር ቤቱ የቀረበውን የታሪክ አጥኚዎች ክርክር በራሳችሁ አነጋገር ግለጡ። ማስረጃው የተገኘው ከጽሑፍ ነው ወይስ ከመሬቱ ጠባይ?
4. ጸሐፊው ስለ ባርነትና ስለ ንጉሡ ሚስቶች ለምን የጠቀሰ ይመስላችኋል? ቢተወው ኖሮ የድርሰቱ ሚዛን ምን ይሆን ነበር?
5. የመጨረሻው አንቀጽ ኃይለ ቃል የትኛው ዐረፍተ ነገር ነው?

ሰዋስው፦ የአክብሮት ቅርጽና የጸሐፊው ሚዛን

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ንጉሡ ሲሞት መምህርቷ በአልጋው አጠገብ ትገኛለች።
ለ. ንጉሡ ከማረፋቸው በፊት ወይዘሮ አና አገሩን ለቀው ወጥተዋል።

ሁለቱም ስለ ንጉሡ ሞትና ስለ መምህርቲቱ ይናገራሉ። በ«ሀ» ግን «ሲሞት»፣ «በአልጋው»፣ «ትገኛለች» የሚሉት በተራ ቅርጽ፣ በ«ለ» ደግሞ «ከማረፋቸው»፣ «ለቀው»፣ «ወጥተዋል» የሚሉት በአክብሮት ቅርጽ ቀርበዋል። ምንባቡን መለስ ብላችሁ ብትመለከቱ የመድረኩ ንጉሥ «ያስጽፋል» ሲባል፣ የታሪኩ ንጉሥ «ተማሩ፣ ነገሡ፣ ዐረፉ» መባላቸውን ትገነዘባላችሁ። ጸሐፊው በዚህ መንገድ ሁለቱ አንድ ሰው እንዳልሆኑ ያስታውሰናል።

የእንግሊዝኛ ግሥ ለንጉሥም ለሎሌም አንድ ነው። አማርኛ ግን ተናጋሪው እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ንጉሡን «አለ» ወይም «አሉ» ከማለቱ በፊት ስለ ንጉሡ ያለውን ግምት መወሰን ይኖርበታል። ስለዚህ ስለ ሌላ ሕዝብ ስትጽፉ የምትመርጡት የግሥ ቅርጽ ራሱ ፍርድ መሆኑን አትርሱ። የራሳችንን ሽማግሌ «እሳቸው»፣ የሌላውን አገር ሽማግሌ «እሱ» የምንል ከሆነ ሚዛናችን አጋድሏል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለ አንድ ሰው ሁለቱን ቅርጾች አትደባልቁ። «ንጉሡ ደብዳቤውን ጽፈው ላከ» ማለት ስሕተት ነው። «ጽፈው ላኩ» ወይም «ጽፎ ላከ» መባል ይኖርበታል።

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በአክብሮት ቅርጽ አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. ንጉሥ ሞንግኩት ግርዶሹን አስልተው ለእንግዶቹ ነገረ።
2. ወይዘሮ አና መጽሐፏን ጽፈው አሳተሙ።
3. ፕሬዚደንት ሊንከን ደብዳቤው ሲደርሰው አመስግነው መለሱ።
4. ቹላሎንግኮርን በ1868 አባታቸው ሲሞቱ ዙፋኑን ወረሰ።

ድርሰት

አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

1. አከራካሪውን ጉዳይ በአንድ ግልጽ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ።
2. የሁለቱንም ወገን ምክንያቶች ለየብቻ ዘርዝሩ። የማትስማሙበትን ወገን ሐሳብ አዳክማችሁ አታቅርቡ፤ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎን፣ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው» እንዲል አድርጋችሁ ጻፉት።
3. ለእያንዳንዱ ምክንያት ማስረጃ ስጡ። «ሁሉም ያውቃል» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም።
4. ሐሳቦቹን «ምንም እንኳ … ቢሆንም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በሌላ በኩል»፣ «ስለዚህ» በመሳሰሉት አያያዥ ቃላት አስተሳስሩ።
5. በመጨረሻው አንቀጽ ፍርዳችሁን ከነምክንያቱ ግለጡ።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ተመልከቱ።

«ምንም እንኳ ተውኔት የታሪክ መጽሐፍ ባይሆንም፣ በእውን የኖረን ሰው ስም የያዘ ተውኔት በዚያ ሰው ክብር ላይ ኃላፊነት አለበት። ይሁን እንጂ ኃላፊነት አለበት ማለት ምናብ አይፈቀድለትም ማለት አይደለም።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የተቃራኒውን ወገን እውነት ተቀብሎ ይነሣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ከመጠን በላይ እንዳይሄድ ይገታዋል።

መልመጃ ሦስት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከአራት እስከ ስድስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ።

ሀ. በእውን የኖረን ንጉሥ በመድረክ ላይ የሚያቀርብ ደራሲ ታሪክን የመለወጥ ነጻነት ሊኖረው ይገባልን?
ለ. የአንድን ሕዝብ ታሪክ መጫወት ያለባቸው የዚያ ሕዝብ ተወላጆች ብቻ ናቸውን?
ሐ. በትምህርት ቤት ተውኔቶች ውስጥ ገበሬ ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ለማሳቂያ ብቻ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ ልማድ ይቀጥል ወይስ ይቅር?

ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ከእናንተ ጋር ለማይስማማ የክፍል ጓደኛችሁ አስነብቡት። ሐሳቡን በትክክል ጽፋችሁለት እንደ ሆነ ጠይቁት። አልጻፋችሁልኝም ካላችሁ፣ የጎደለውን እሱ ራሱ እንዲነግራችሁ አድርጉና ድርሰታችሁን እንደገና ጻፉት።